የወተት ታንኩ ዝምታ

አንድ ቀን የወተት ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ጋሽ አስፋቸው ከአዲስ አበባ ሥልጠና ተመለሱ። ከሥልጠና የሚመለስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቦርሳና እስክሪብቶ ይዞ ይመለሳል፤ እሱ ደግ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ሌላው ቃል ይዞ ይመለሳል። ከእሱ ይሰውራችሁ። የኛው ጋሽ አስፋቸው ይዘውት የመጡት ቃል «ሎግ» የሚል ነበር።

እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ፤ እቴነሽ እባላለሁ። ጠረጴዛዬ ከበራቸው ፊት ለፊት ስለሆነ የሚሉትን ሁሉ ሳልፈልግም እሰማለሁ። ያለነው ደብረ ብርሃን ነው። ገበሬው በማለዳ ወተቱን ያመጣል፣ ተለክቶ ይገባል፣ ትልቁ ማቀዝቀዣ ታንክ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። «በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ወተት ማቀዝቀዝ ምን ይባላል፣ ደጅ ማስቀመጥ ነው እንጂ» የሚል ቀልደኛ መቼም አይጠፋም። እንዲህ የሚለው የቀኑን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ነው።

ይሄን ሁሉ ሥራ በኮምፒዩተር ያቀናጀልን ይትባረክ የሚባል ልጅ ነው። ወተት ሲለካ መመዝገቡ፣ ለገበሬው በስልክ መልእክት መላኩ፣ መኪና መመደቡ፣ የታንኩን ቅዝቃዜ መጠበቁ፣ ድሮ እኛ ስንሯሯጥበት የነበረው ሁሉ አሁን በየተራው ራሱን በራሱ ይሠራል። ይትባረክ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲናገርም ፊቱ የማይለዋወጥ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲቀልድ ይሁን ሲያዝን ለማወቅ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የሙከራ ጊዜው እየተገባደደ ነበር። ቋሚ የሚሆነው ጋሽ አስፋቸው ከፈረሙለት ብቻ ነው፤ ካልፈረሙለት ደግሞ ልትወልድ የደረሰች ሚስቱን ይዞ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሊወጣ ነው። ይሄን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ከሁሉም በላይ ጋሽ አስፋቸው ያውቃሉ።

«ና እስቲ፣ ሎጉን አሳየኝ» አሉት ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ።

ሎግ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ፕሮግራሙ እየሠራ «ይሄን ጀመርኩ፣ ይሄን ጨረስኩ፣ ይሄ አልሆነልኝም» እያለ የሚተወው ማስታወሻ ነው። ይትባረክ ኮምፒዩተሩን አዙሮ አሳያቸው። ጋሽ አስፋቸው መነጽራቸውን አደረጉና ሐኪም የራጅ ፊልም እንደሚያይ ራቅ ቀረብ እያሉ ያዩት ጀመር።

«ይሄ የሚለፈልፈው የቱ ነው?»

«የወተት መቀበያው ነው ጋሼ። እሱ ሁሉንም ይናገራል። የማን ወተት እንደሆነ፣ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ማን እንደለካው። ገበሬው ሲከራከር ያስፈልገናላ።»

«ይሄስ?»

«መልእክት ላኪው። እሱ ያልደረሰለትን ብቻ ነው የሚናገር።»

«ይሄኛውስ? ባዶ ነው እኮ።»

«እሱ የታንኩ ጠባቂ ነው። አደጋ ካልመጣ አይናገርም።»

«አሁን ለምን ዝም አለ?»

«ደህና ስለሆነ ነዋ።»

«ደህና መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ዝም በማለቱ።»

ጋሽ አስፋቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማኝ ይትባረክ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በትዳር የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው እንዳትለኝ።»

እውነቱን ለመናገር በዚች እንኳ አልተሳሳቱም። ባለቤታቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ዝም ካሉ አደጋ አለ ማለት ነው።

«ዝም አይነቅዝም ይባል የለ ጋሼ» አለ ይትባረክ።

«እኔ ስለ እህል አልጠየቅኩህም። ይሄን ዝም ያሰኘው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል እንዲናገር ለየብቻው ይወሰንለታል። አንዱ ሁሉንም ይላል፣ አንዱ ሲቸግረው ብቻ ይላል። አንድ መስመር ላይ ነው የሚስተካከለው፣ ከባድ አይደለም።»

«ለየብቻው?» አሉ ጋሽ አስፋቸው። ቃሉ አልተዋጠላቸውም። «አየህ፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለአንዱ አፍ ትሰጣለህ፣ ሌላውን ትለጉማለህ። ይሄ በአማርኛ አድልዎ ይባላል። እኔ በምመራው መሥሪያ ቤት አድልዎ አልፈቅድም። ሁሉም እኩል ይናገር። አንድ ነገር ሳያስቀር፣ እስከ መጨረሻው ይናገር። የሚናገረውም ወደ እኔ ስልክ ይምጣ።»

«ወደ እርስዎ ብቻ? የአደጋው መልእክት እኮ ለእኔም ለዘበኛውም ነበር የሚመጣው።»

«መረጃ በአንድ በር ይግባ። ሥልጠናው ላይ የተማርነው እሱን ነው።»

«ጋሼ፣ ሁሉም ከተናገረ እኮ የሚሰማው ይጠፋል።»

«አንተ ስለ መስማቱ አትጨነቅ፤ የምሰማው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ የታንኩን ብቻ እንኳ እንደነበረ ልተወው።»

«በተለይ የታንኩን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ እንድሰማ ግን አድርገው፣ «የምፈርመው ለማይደብቀኝ ሠራተኛ ነው» አሉት።

ይትባረክ «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ምን ይበል? የሙከራ ሠራተኛ ማለት እንጀራው በሰው አፍ ላይ ያለ ሰው ነው። ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ «እትዬ እቴነሽ፣ ጥጥ አለሽ?» አለኝ።

«ለምን?»

«ለጆሮሽ።»

ምሳ ሳይደርስ የጋሽ አስፋቸው ስልክ አፉን ከፈተ። ቲን ይላል፤ ቲን ብሎ ሳይጨርስ ሌላ ቲን ይከተለዋል። እኔም ገብቼ አየሁት። «የታንኩ ጠባቂ ተነሣ። የታንኩን ሙቀት ሊጠይቅ ነው። ጠየቀ። መልስ እየጠበቀ ነው። መልስ መጣ። አራት ዲግሪ። አራት ዲግሪ ደህና ነው። የታንኩ ጠባቂ ሥራውን ጨረሰ።» ጨረሰ ሲል እፎይ ትላላችሁ አይደል? ወዲያው እንደገና ይነሣል። በመሀል ደግሞ መኪና መዳቢው መኪና ይፈልጋል፣ መልእክት ላኪው ቁጥር ይቆጥራል፣ መቀበያው ወተት ይለካል። አንዱም የሚያፍር የለም።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ አስፋቸው ደስታቸው ወደር አልነበረውም። ከግብርና ጽሕፈት ቤት እንግዳ ሲመጣ ስልኩን ፊቱ ያነቡለታል። ግቢ ውስጥ ያገኙትን ገበሬ ሁሉ ያስቆሙታል።

«ወተትህ ገብቷል» ይሉታል።

«አውቃለሁ ጌታዬ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ይላል ገበሬው።

«አየህ፣ እኔም አወቅኩ» ይሉታል።

በማግሥቱ ደስታው ቀነሰ። ስልኩ ሻይ ሲጠጡ ይጮኻል፣ ከባንክ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ይጮኻል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሳለሙ ይጮኻል። ባለቤታቸው «ወይ እኔን፣ ወይ ታንኩን ምረጥ» አሏቸው ተብሎ በመሥሪያ ቤቱ ተወራ። እውነት ይሁን ሐሜት አላውቅም፤ ብቻ ጋሽ አስፋቸው ጠዋት ሲገቡ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ ነበር።

ይትባረክ አዘነላቸው መሰለኝ ራሱ መጣ። «ጋሼ፣ ልቀንስልዎ? የታንኩን ብቻ ወደ ቦታው ልመልሰው። ሌላው ይቆይ።»

«ምን አስቸኮለህ?» አሉት፤ ስልኩ በእጃቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ። «እየለመድኩት ነው።»

«እሺ፣ ለእኔም ይድረሰኝ እንግዲያው።»

«በአንድ በር ብዬሃለሁ።»

ሰው በገዛ ትእዛዙ ሲሠቃይ ማየት ያሳዝናል፤ ትንሽ ደግሞ ያስቃል፣ አልዋሽም። እሱ እንደወጣ ጋሽ አስፋቸው የስልኩን ድምፅ አጠፉት። ንዝረቱ ጠረጴዛውን ሲያንገጫግጭባቸው ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከትተው ፋይል ጫኑበት። «ሲጠራቀም አንድ ላይ አነበዋለሁ» አሉኝ፤ እኔ ምንም ሳልጠይቃቸው። የቤታቸውን ጉዳይ የሚደውሉበት ሌላ ስልክ ስላላቸው መሳቢያው ያው እንደተዘጋ ቀረ።

ዓርብ ደረሰ። ዓርብ እኛ ዘንድ ሌላ ቀን ነው። ከተማው ይጾማል፣ ላሟ ግን አትጾምም። ወተቱ እንደ ወትሮው ይመጣል፣ የሚጠጣው ሰው ግን የለም፤ ስለዚህ ታንኩ እስከ አፉ ይሞላና ለቅዳሜ ይቆያል። ገበሬው ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ወተት ተቀብለን እንደጨረስን የታንኩ ክፍል ተቆለፈና ሰዉ ወደየቤቱ ተበተነ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጀነሬተሩ ራሱ ይነሣል። የዚያን ቀን ግን የጀነሬተሩ ባትሪ ሞቶ ኖሮ ሳይነሣ ቀረ። የይትባረክ ኮምፒዩተር የራሱ ባትሪ ስላለው ሥራውን አላቆመም። የታንኩ ጠባቂም አላቆመም። ታንኩ ሲሞቅ አየ፣ ጻፈ፣ ላከ። የላከውም እንደታዘዘው በአንዱ በር ነው። በሩ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ፣ ፋይል ሥር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሩ መጥቶ ቧንቧውን ሲከፍት ወተቱ ረግቶ አልፈስ አለ። ጎንበስ ብሎ አሸተተውና ቀና ብሎ አየን። መናገር አላስፈለገውም፤ ሽታው እኛም ጋ ደርሷል። ያን ሁሉ ወተት ወደ ቦዩ ለቀቅነው፤ የሰፈሩ ውሻ እንዲያ ያለ ፋሲካ አይቶ አያውቅም። ገበሬዎቹ ጣሳቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ። ሁለት ላም ብቻ ያላቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አድርገው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዞረው ሄዱ። አንጀቴን በሉኝ። ከሚጮኹት ሁሉ ይልቅ እሳቸው ናቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይጠፉ።

ጋሽ አስፋቸው ግን ቢሮ ገብተው «ይትባረክን ለማሰናበት» የሚል ደብዳቤ አስጻፉኝ። ምክንያቱ «የሠራው ፕሮግራም አደጋውን ባለማሳወቁ» የሚል ነው። ጻፍኩት። የጻፍኩትን ግን ያለ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማጽደቅ አይቻልም፤ ሊቀመንበሯ ደግሞ ወይዘሮ ድንቅነሽ ናቸው። ወይዘሮ ድንቅነሽ ራሳቸው ላም የሚያልቡ፣ ገበሬው በድምፁ የመረጣቸው፣ ሲናደዱ የሚረጋጉ ሴት ናቸው። «ሰኞ እሰማለሁ» አሉ። «የሁለቱንም።»

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ይትባረክ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሚስቱ ሌሊቱን ምጥ መስሏት እንቅልፍ ነስታው አድራ ነበርና ፊቱ ገርጥቷል። «ዛሬ ሥራ አጥ ሆኜ ብገባ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ፣ እትዬ እቴነሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ጋሽ አስፋቸው አርፍደው መጡ። ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸው አፈር ነክቶ ነው የገቡት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከቀብር ነው የመጣሁት» አሉ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። «የቅርብ ሰው ነው?»

«የሰፈራችን ሰው ናቸው። የዕድሩ ዳኛ እኔ ስለሆንኩ መቅረት አይሆንልኝም። ገና ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን እንደሰማሁ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሥቼ ይኸው እስካሁን አልተቀመጥኩም።» ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ወደ ጉዳያችን። ነገሩ አጭር ነው። ታንኩ ሞቀ፣ ወተቱ ተበላሸ፣ የዚህ ልጅ ፕሮግራም አልነገረኝም። በቃ።»

«አልነገራቸውም ወይ?» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ ወደ ይትባረክ ዞረው።

«ነግሯቸዋል።»

«ዋሸ» አሉ ጋሽ አስፋቸው።

«ስልኩ የት ነው?»

ሁሉም እኔን አየ። ምን ይዋጠኝ። ጋሽ አስፋቸውን አየኋቸው፤ ጣሪያውን ያያሉ። ሄጄ ከመሳቢያው አወጣሁት። ከነቻርጀሩ እንደተሰካ ትተውት ስለነበር አልጠፋም፤ እጄ ላይ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ስልኩን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ይገፉ ጀመር። ገፉ፣ ገፉ። ጣታቸው ሲደክም በሌላው እጃቸው ገፉ። «ተነሣ፣ ጠየቀ፣ መልስ መጣ፣ ጨረሰ» እያሉ ያነባሉ ለራሳቸው። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ልጄ? እንደ ዳዊት ደጋሚ አያርፍም ወይ?»

«እንዲያ ታዝዞ ነው» አለ ይትባረክ።

በመጨረሻ ዓርብ ላይ ደረሱ። ቆም አሉና ጮክ ብለው አነበቡ። «መልእክት ላኪው ተነሣ። መልእክት ላኪው የሚልከው የለም። ታንኩ እየሞቀ ነው፣ ሰው ይምጣ። መኪና መዳቢው ተነሣ። መኪና መዳቢው መኪና እየፈለገ ነው። ታንኩ እየሞቀ ነው፣ ሰው ይምጣ። መኪና መዳቢው መኪና አላገኘም።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ምስኪን» አሉ። ለታንኩ ጠባቂ ነው ያዘኑለት። «ሲጣራ ነበር።»

ጋሽ አስፋቸው ተነሡ። «ይሄን ሁሉ ማን ያነባል? እኔም ሰው ነኝ እኮ። እንደዚህ ተቀብሮ የመጣ መልእክት መልእክት ነው?»

«ሁሉም እኩል ይናገር ብለው ያዘዙ እርስዎ ነዎት» አለ ይትባረክ። «ሁሉም ከተናገረ የሚሰማው ይጠፋል ብዬዎት ነበር። ልቀንስልዎ ብዬም መጥቼ ነበር።»

«ብለሃል፤ ግን አላስረዳኸኝም» አሉ ጋሽ አስፋቸው። የሚረግጡት መሬት ሲከዳቸው ድምፃቸው ይወፍራል። «ደረጃ፣ መስመር፣ ምን፣ ምን። የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው ያወራኸኝ። እኔ በሚገባኝ ቋንቋ ብታስረዳኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር? ባለሙያ ማለት ለአለቃው በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ያው የሱ ነው።»

ከኮሚቴው አንዱ «ልክ ነው» እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። በመሥሪያ ቤት ኑሮዬ ብዙ ሰው እንዲህ ባለች ጠማማ ነገር እንጀራውን ሲያጣ አይቻለሁ፤ አለቃ አልገባኝም ካለ ያልገባው ሳይሆን ያላስገባው ነው የሚቀጣ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ይትባረክን አዩት። «ነገር በምሳሌ ነው ልጄ። እንግዲያው አሁን በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳቸው። ከገባቸው ያኔም ይገባቸው ነበር ማለት ነው፣ ጥፋተኛ ነህ። ካልገባቸው ደግሞ እግዜር ያውቃል።»

ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ወጥመድ ነው አልኩ በሆዴ። ቢያስረዳም ይባረራል፣ ባያስረዳም ይባረራል። ይትባረክ ግን ፊቱ አልተለዋወጠም። የጋሽ አስፋቸውን ጥቁር ኮት፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ጫማቸው ላይ ያለውን አፈር አየት አደረገ።

«ጋሼ፣ የዕድራችሁ ጥሩምባ ነፊ በየማለዳው ደጅዎ እየመጣ ‹እነ እገሌ በሰላም አድረዋል፣ እነ እገሌም አልሞቱም፣ የእነ እገሌም በር ተከፍቷል› እያለ ሲነፋብዎ ቢከርም ኖሮ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከአልጋዎ ይነሡ ነበር?»

መጀመሪያ የሳቁት የኮሚቴው አንጋፋ ናቸው፤ ሳቁ ከዚያ ወዲህ ማንንም አልማረም። እኔም አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ጋሽ አስፋቸው አልሳቁም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰውየው ግትር ናቸው እንጂ ሞኝ አይደሉም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ጣታቸውን አነሡ።

«ጥሩ። ገብቶኛል። አሁን ደግሞ አንተ መልስልኝ። ጥሩምባ ነፊው ራሱ የሞተ ለታስ? ያን ቀን ማን ይነፋል? ማንም። ዝም ነው። እኛም ዝም ስላለ ሁሉም ደህና ነው ብለን እንተኛ? ሥልጠና የተላክሁት በከንቱ አይደለም፤ ዝም ያለው ሁሉ ይናገር ያልኩት ለዚህ ነው።»

የሳቁት ሁሉ ሳቃቸውን ዋጡ። ጥያቄው ጥያቄ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ቅድም ራሱን የነቀነቀው ሰውዬ እንደገና ነቀነቀ። ወይዘሮ ድንቅነሽ እንኳ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው «እህ» አሉ። እኔ አለቀለት አልኩ፤ የሚስቱ ምጥ ታየኝ።

ይትባረክ ከመቀመጫው ተነሣ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ያው ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌ በሚያናግር ድምፅ ተናገረ።

«ለሱማ ነው ጋሼ፣ ዕድር ጥሩምባ ነፊ ብቻ ቀጥሮ ዝም የማይለው፤ ዳኛም ይሾማል። ጥሩምባ ነፊው ድምፁ ሲጠፋ ‹ምን ሆነ› ብሎ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያንኳኳ ዳኛው ነው። የኛ ታንክ ጥሩምባ ነፊ አላጣም። ያጣው የሚያንኳኳለት ዳኛ ነው።»

የሳቀ የለም። ጋሽ አስፋቸው ያነሡትን ጣት አወረዱ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ደብዳቤውን አነሡና ሁለት ቦታ ቀደዱት። «ጥፋቱ ያለማስረዳት ሳይሆን ያለማንኳኳት ነው። የታንኩን ጠባቂ ወደ ዝምታው መልሰው ልጄ» አሉ። «ሲጮኽ ለሦስታችንም ይጩኽ፤ ለአንተም፣ ለዘበኛውም፣ ለእኔም። አቶ አስፋቸው፣ እርስዎ ለልጁ ቋሚነቱን ፈርሙለት፤ ከዚያ በየማለዳው ታንኩ ጋ ሄደው በዓይንዎ አይተው ይመለሱ። ከዛሬ ይጀምሩ።»

ጋሽ አስፋቸው ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ይትባረክ እጅ ነሥቶ፣ ወደ ሚስቱ ለመደወል እየተጣደፈ ወጣ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ወደ በሩ አመሩ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ተመልሰው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«እቴነሽ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የታንኩ ክፍል በየት በኩል ነው?»